የቆረጥኳት ምዕራፍ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ሠዓሊ ጻፈልኝ። የሆረር (የሚያስፈራ) ልቦለድ ወደ ኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል ወደሚተረክ መጽሐፍ፣ ሊመልስ ነው። አንባቢዎቹ ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ማንበብን የሚያከብድ ችግር፣ ያለባቸው ልጆች ናቸው። «የትኛውን ምዕራፍ ብቆርጥ ይሻላል?» ይላል። ተራ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ። ልቦለዱ ሜሪ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1818 ያሳተመችው ፍራንከንስታይን ነበር። ሥዕሉን ሌላ ሰው ይሥላል፤ ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚገባ የምወስነው እኔ ነበርኩ።

ታሪኩን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቪክቶር ፍራንከንስታይን የሠራው ፍጡር ከማጉረምረም በቀር ቃል የማይወጣው ይመስለዋል። በመጽሐፉ ግን አንደበተ ርቱዕ ነው። ቋንቋ የተማረው ተደብቆ ነው። ከአንድ ቤት ጋር በተያያዘች ጠባብ ማደሪያ ተሸሽጎ፣ በጣውላ ስንጥቅ እያየ፣ የቤቱ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል። በኋላ ፊሊክስ የተባለው ወጣት ሳፊ የምትባል እንግዳ ቋንቋቸውን ሲያስተምራት፣ እሱም ከግድግዳው ወዲህ ሆኖ አብሯት ይማራል። ፊደል የቆጠረው እንዲህ ነው።

እኔ የቆረጥኩት ይህንን ነው።

ማንበብ የሚከብደውን ልጅ ስለ ማንበብ የሚያወራ ምዕራፍ ያሰለቸዋል ብዬ ነበር። ጩኸት ይኑር፣ ግድያው ቶሎ ይምጣ አልኩ። ከልጆቹ አንዱን እንኳ አልጠየቅኩም።

ኮሚኩ ታትሞ ሲወጣ ወደ አንድ የንባብ ቡድን ይዤው ሄድኩ። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ንግግር ከሚጻፍበት ክብ፣ ከንግግር አረፋ ወደ ንግግር አረፋ ጣቷን እያስኬደች ታነባለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ፍጡሩ በበረዶው ተራራ ላይ ከፈጣሪው ከቪክቶር ጋር የሚነጋገርበት ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች። እንደገና ወደ ፊት መጣች። ቀና ብላ አየችኝና «መናገር የት ተማረ?» አለችኝ።

«ቦታ አልበቃንም» አልኳት።

ውሸት ነበር። ለአንድ መብረቅ ብቻ ሁለት ሙሉ ገጽ ሰጥቼ ነበር።

«እኔ እኮ ያንን ነበር የምጠብቀው» አለች። ልቦለዱን በድምፅ ሰምታዋለች ለካ። ያንን ክፍል አምስት ጊዜ ደጋግማዋለች። ኮሚኩን ዘጋችና ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋ ወደ እኔ ገፋችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ስለ ዲስሌክሲያ የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። ችግሩ ከዓይን እንዳልሆነ፣ ከብልህነት ጋርም እንደማይገናኝ፣ በዋናነት ድምፅን ከፊደል ማዛመዱ ላይ እንደሆነ አንብቤያለሁ። ፕሪንግል ሞርጋን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከተማሪ ቤቱ ሁሉ ጎበዙ እሱ ይሆን ነበር ብሎ መምህሩ መስክሮለታል። ይህንን እያወቅኩ ነው የልጆቹን አእምሮ የናቅኩት። ዕውቀት ብቻውን አላዳነኝም።

አብሮን የሚሠራ አንድ ሰው ነበር፤ ንግግሩን አረፋ ውስጥ በእጁ የሚጽፍልን። ጣቶቹ ሁልጊዜ ቀለም እንደነካቸው ነው። ከመጻፉ በፊት እያንዳንዱን ንግግር ጮክ ብሎ ያነባል። ትንፋሽ ካጠረው «ይህን ለሁለት ክፈለው» ይለኛል። ዛሬ ስለ ፎንት፣ ስለ ፊደል ቅርጽ፣ የሚጠይቁኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ለዲስሌክሲያ ተብሎ የተሠራ ፎንት ካወረዱ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። መቼም ትውልዳችሁ ለሁሉም ነገር መተግበሪያ ይፈልጋል። የፊደሉ ቅርጽ ያን ያህል አይደለም፤ በፊደላትና በመስመሮች መካከል ያለው ክፍተት ይበልጥ ያግዛል። ያዘመመ ጽሑፍ ይቅር። ደም የሚንጠባጠብበት ፊደልም ይቅር፤ ፍርሃቱ ሥዕሉ ውስጥ ይግባ። ደም መጣጩን የሚተርከውን ልቦለድ ድራኩላን የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። መጽሐፉ በማስታወሻ ደብተርና በደብዳቤ የተገነባ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የየራሱን የእጅ ጽሕፈት መስጠት ያምራል። ለእነዚህ ልጆች ግን ስቃይ ነው።

ሆረርን ወደ ኮሚክ መመለስ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ከዚያች ልጅ በኋላ ነው። ልብ የሚያንጠለጥል ዓረፍተ ነገር ላይ አንዲት ቃል ስትይዛችሁ፣ ቃሏን እስክትፈቱ ፍርሃቱ በኖ ይጠፋል። ሥዕል ግን ይጠብቃል። የተዘጋ በር ብቻ ያለበት፣ አንድም ቃል የሌለው የሥዕል ሳጥን አንባቢው የፈለገውን ያህል ያስቆመዋል። ገጹን የሚገልጠው እሱ ነው፤ ድፍረቱም የእሱ ነው።

እና ምንም አትቁረጡ? እንዲህ ልል ነበር። ግን እኔ ራሴ ዛሬም ብሠራው፣ መጀመሪያ ላይ ያሉትን የመርከበኛውን የዋልተንን ደብዳቤዎች ወደ አንድ ገጽ አሳጥራቸዋለሁ። ስለዚህ መቁረጥስ ቁረጡ። «አይገባቸውም» ብላችሁ ግን አትቁረጡ።

ፍጡሩ ቋንቋ የሚማርባትን፣ ያልሠራኋትን ገጽ ግን ስንት ጊዜ በሐሳቤ ሠርቻታለሁ። ከላይ ጨለማ፣ መሐሉ ላይ የጣውላ ስንጥቅ፣ በስንጥቁ አንድ ዓይን። ከሥር አራት ትንንሽ ሳጥኖች፤ ፍጡሩ መጀመሪያ የለያቸው አራት ቃላት ናቸው፦ እሳት፣ ወተት፣ ዳቦ፣ እንጨት። በየሳጥኑ አንድ ሥዕል፣ አንድ ቃል፣ ሰፊ ባዶ ቦታ። በመጽሐፉ ውስጥ ደግሞ የሚሰማቸው ግን ገና ትርጉማቸው ያልገባው ቃላት አሉ፦ ጥሩ፣ ውድ፣ ሐዘንተኛ። ለእነሱ ሌላ ሦስት ሳጥን። ቃሉ ብቻ ይጻፋል። ሥዕል የላቸውም።