ታሪክ ተምሬ የጌም ዲዛይነር መሆን እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የታሪክ ትምህርት የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኮዲንግ በራሴ ጥረት ጥቂት ተምሬአለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1800 ያለውን ዘመን ለሚሸፍን የግራንድ ስትራቴጂ ጌም (ተጫዋቹ አንድን አገር ለረጅም ዘመን የሚመራበት ጨዋታ) የግዛቶችን ዕድገት የሚያሰላ ሥርዓት እየነደፍኩ ነው። የእያንዳንዱ ግዛት ሕዝብ በዓመት 1 በመቶ ያድጋል፤ ሕንፃ ሲሠራ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጨዋታው ሲጋመስ ግን ሁሉም ግዛት ትልቅ ከተማ ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህን ትቼ ኮዲንግ ላይ ላተኩር? ወይስ ለሥራ ማመልከቻ ይሆነኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አትተዪው። ለዲዛይነርነት ከሚያመለክቱት ብዙዎቹ የሚልኩት የሐሳብ ዝርዝር ነው። አንቺ የሚሠራ፣ ሠርቶም የተበላሸ ሥርዓት በእጅሽ አለ። ለምን እንደተበላሸ ማስረዳት ከቻልሽ ቀጣሪ ሊያነበው የሚፈልገው እሱን ነው።

ከስሌቱ ልጀምር። በዓመት 1 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ በ400 ዓመት ግን 10,000 ሰው የነበረበትን ግዛት ከ530,000 በላይ ያደርሰዋል። 0.2 በመቶ ብታደርጊው 22,000 ገደማ ላይ ይቆማል፤ ይህ በዚያ ዘመን ከነበረው የዓለም ሕዝብ ዕድገት ጋር ይቀራረባል። ቁጥሩን ቀንሰሽ ብቻ ካለፍሽ ግን ጨዋታው ይፈዝዛል። ያንቺ ዕድገት ምክንያት የለውም፤ ዓመት ስለተቆጠረ ብቻ ይመጣል።

የተማርሽው ታሪክ የሚያስፈልግሽ እዚህ ላይ ነው። ለንደን በ1500 እ.ኤ.አ. 50,000 ያህል ነዋሪ ነበራት፤ በ1700 ከ500,000 አልፋለች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን በከተማዋ የሚሞተው ከሚወለደው ይበልጥ ነበር። ያሳደጋት ከገጠር የሚፈልሰው ወጣት ነው። ስለዚህ በጌምሽ ውስጥ አንድ ከተማ ሲያብጥ ከሆነ ቦታ ሰው መጉደል አለበት። በዛሬዋ ቦሊቪያ ያለችውን ፖቶሲን ደግሞ ተመልከቺ፦ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እህል በማይበቅልበት ተራራ ሥር፣ በ1545 ብር ተገኘና በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ከ100,000 በላይ ሰው ተከማቸበት። የአፈሩን ለምነት ብቻ የሚያይ ቀመር ፖቶሲን ባዶ ያስቀራታል። የዛሬዋ ቤልጂየም ወደብ አንትወርፕ ደግሞ በ1585 በስፔን ጦር ስትያዝ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግማሽ ያህል ሕዝቧን አጣች፤ ከሄዱት ብዙዎቹ ወደ ሰሜን ተሻግረው እነ አምስተርዳምን አደለቡ። ስደት፣ ማዕድን፣ ጦርነት፤ ሦስቱም በአንድ ቋሚ መቶኛ አይገቡም።

እኔ ብሆን ለእያንዳንዱ ግዛት ጣሪያ አበጅለት ነበር። የቤልጂየሙ የሒሳብ ሊቅ ቬርሁልስት በ1838 ያቀረበው ስሌት ይበቃል፦ ሕዝቡ ምድሩ ሊሸከመው ወደሚችለው መጠን ሲጠጋ ዕድገቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚያ የተጫዋቹ ሥራ ጣሪያውን ማንሳት ይሆናል፤ ረግረግ ያደርቃል፣ ወደብ ይከፍታል፣ መንገድ ይጠርጋል። እያንዳንዱም ሌላ ነገር ያስቀርበታል። ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 የተባለው የግራንድ ስትራቴጂ ጌም ከ2015 ጀምሮ ነጥብ ከፍሎ ግዛትን ወዲያው ማሳደግ ይፈቅዳል። ውሳኔው ግልጽ ነው፤ ሰዉ ግን ከየት እንደመጣ አይታይም። ቪክቶሪያ የተባሉት የዚሁ ዓይነት ጌሞች ደግሞ ሕዝቡን በሥራና በባህል ከፋፍለው ራሱ እንዲፈልስ ያደርጉታል። ዓለሙ ሕያው ይሆናል፤ ጀማሪ ተጫዋች ግን ምን እንዳሳደገው ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። የአንቺ ሥርዓት በሁለቱ መካከል ቢቆም ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሥራው። የራስሽን ጌም ከባዶ አትገንቢ፤ ዓመታት ይበላል። 20 ግዛቶችን በስፕሬድሺት (እንደ ኤክሴል ባለ የስሌት ሠንጠረዥ) ላይ ዘርጊ፣ 400 ዓመት አስኪጂው፣ በመሃል ከ1347 እስከ 1351 አውሮፓን እንደመታው ያለ ወረርሽኝ ጣዪበትና ማን ቶሎ እንደሚያገግም እዪ። ሁለት ገጽ ጻፊበት፦ መጀመሪያ ምን አሰብሽ፣ የት ተበላሸ፣ ምን ቀየርሽ። ያ 1 በመቶም ይግባ፤ አትደብቂው። ቀጥሎ ሐሳቡን በአንድ ነባር ጌም ላይ ሞድ (የጌሙን ፋይሎች ቀይሮ የሚሠራ ማሻሻያ) አድርጊው፤ የእነዚህ ጌሞች አብዛኛው ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ አይከብድሽም። ከሞድ ሠሪነት ተነስተው የተቀጠሩ ዲዛይነሮች አሉ። ለኮዲንግ፣ ይህን ስሌት የሚያስኬድ ያህል ፓይተን (የኮዲንግ ቋንቋ) ለጊዜው ይበቃሻል።

ታሪክ የተማረ ሰው ሲያመለክት ብዙ ጊዜ ክስተት የሚጽፍ የኮንቴንት ዲዛይነር ተደርጎ ይታሰባል። የአንቺ ሥራ የሲስተም ዲዛይን፣ ማለትም የጌሙን ሕግና ስሌት መንደፍ፣ ነውና በደብዳቤሽ መጀመሪያ ላይ በግልጽ ጻፊው። ግራንድ ስትራቴጂ የሚሠሩ ስቱዲዮዎች ጥቂት ስለሆኑም ከተማ ግንባታና የአስተዳደር ጌም ለሚሠሩት ጭምር ላኪ፤ እዚያም የሚፈለገው ይኸው ችሎታ ነው።

ከመላክሽ በፊት ግን ሥርዓቱን ለማያውቅ አንድ ሰው አስጫውቺው። መቶ ዓመት ከተጫወተ በኋላ አንዱን ግዛት እያሳየሽ "ይሄ ለምን አደገ?" በዪው። በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካቃተው ወደ ስፕሬድሺቱ ተመለሺ።