ኃይሏ የት ላይ ያበቃል?

በዚህ ወር ፋንታሲ ልቦለድ ከሚጽፉ ወጣት አንባቢዎቻችን ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። አምስቱን መርጠናል። ሁሉም ከአዲስ አበባ ዳርቻ የተላኩ ናቸው፤ የሁሉም ዋና ገጸ ባሕርይ ሴት ናት፤ ፍቅርም አለበት።

ከሱሉልታ፦ የ17 ዓመቷ ገጸ ባሕርዬ ውሃ ታዛለች፤ ምንጭ ታፈልቃለች፣ ጎርፍ ታቆማለች። እስከ ምዕራፍ 5 ጓደኞቼ በጉጉት አነበቡልኝ። ከዚያ በኋላ «ያው ታሸንፋለች» እያሉ ተዉት። ጠላቷን ላጠንክረው?

መልስ፦ ጠላቷን አይንኩት። እሱን ባጠነከሩት ቁጥር እሷንም ማጠንከር ግድ ይሆናል፤ መጨረሻው የጉልበት ጨረታ ነው። የጎደለው የኃይሏ ልክ ነው። ኃይሏ የት እንደሚያበቃና ምን እንደሚያስከፍላት አልተወሰነም።

ልኩ ደግሞ ደጃፍዎ ላይ አለ። የእንጦጦ ጋራ ዝናብን ለሁለት ይከፍላል። በደቡቡ ተዳፋት የወረደው በአቃቂ ወንዞች አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ በሰሜኑ፣ ወደ እናንተ የሚወርደው፣ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። ዓባይ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። አዋሽ ግን ባሕር ሳያይ አፋር ምድር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ኃይሏ በሰሜኑ ውሃ ላይ ብቻ ይሥራ። ጋራውን በተሻገረች ቅጽበት እንደ ማንኛዋም ልጅ ትሁን። ያኔ ጠላቷ ብርቱ መሆን አያስፈልገውም፤ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል መሮጥ ብቻ ይበቃዋል። የምትወደውስ ልጅ የደቡቡ ሰው ቢሆን? የእሷ ውሃ ባሕር የሚገባ፣ የእሱ በረሃ የሚቀር፤ ከዚህ የሚበልጥ የፍቅር እንቅፋት በምናብ ፈልገው አያገኙም።

ዋጋው ደግሞ ከምትወደው ነገር ላይ ይቆረጥ። ለምሳሌ ውሃ በጠራች ቁጥር አንድ ትዝታ ይታጠብባት። መጀመሪያ ምድጃ ላይ ምስር መጣዷን ትርሳ፤ ቀጥሎ አያቷ ያስተማሯት ዘፈን ይጥፋባት፤ ሦስተኛው የልጁ ስም ይሁን። ብዙ ረቂቅ የሚበላሸው ዋጋው መጀመሪያ የሚነገረው በታላቁ ፍልሚያ ላይ ስለሆነ ነው፤ አንባቢ ደራሲው ያኔ የፈጠረው ይመስለዋል። ምዕራፍ 2 ላይ፣ ምንም አደጋ በሌለበት፣ ምስሩ ይረር። በመጨረሻው ምዕራፍ ትዝታዋን መልሰው ከሰጧት ደግሞ ዋጋው ዋጋ አልነበረም፤ ብድር ነበር።

በነገራችን ላይ የቧንቧ ውሃ ይታዘዛታል? የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች ውሃ ከምንጩ ተለይቶ ተጣርቶ የመጣ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በተደረደረው ጀሪካን ፊት አቅመ ቢስ ሆና ብትቆም ከአሥር ፍልሚያ የሚሻል ትዕይንት ይወጣዋል።

ከቡራዩ፦ ምዕራፍ 1 ላይ ልጅቷና ልጁ ገበያ ውስጥ ይተያያሉ፤ ወዲያው ይዋደዳሉ። ምዕራፍ 9 ላይ ሌሊት በፈረስ ጭኖ ይወስዳታል፤ እሷም ትወደዋለች፤ ይጋባሉ። እናቴ አንብበው «ፍቅር እንዲህ አይመጣም» አሉኝ።

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው። ፈቃዷ ሳይጠየቅ በሌሊት የተጫነች ልጅ ታሪኳ ጠለፋ ነው፤ ፈረሱ ነጭ ቢሆንም ስሙን አይቀይረውም። ይህን ለ15 ዓመት አንባቢ የፍቅር ጣሪያ አድርጎ ማቅረብ የለብንም። ዋና ገጸ ባሕርይዎ 17 ዓመቷ ከሆነም ሠርጉን ይተዉት፤ በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ወገን የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። መጽሐፉ ከሠርግ በፊት ቢያልቅ ምንም አይጎድለውም።

ፍቅሩን ቀስ ብሎ ለማሳደግ አማርኛ ሌላው ቋንቋ የሚመኘው መሣሪያ አለው፤ አንቱታ። እሱ የደጃዝማች ልጅ፣ እሷ የምንጭ ጠባቂ ናት እንበል። እሱ «አንቺ» ይላታል፣ እሷ «እርስዎ» ትለዋለች። ይህ እኩል ያልሆነ መነሻ ነው። ኃይሏን ባየ ዕለት እሱም «እርስዎ» ይበላት፤ አንባቢው ልቡ እንደተነካ ያለ አንድ የማብራሪያ ቃል ይገባዋል። ከዚያ ቀስት ሲወረወር፣ ለማክበር ጊዜ ሳይኖራት፣ «ተኛ!» ብላ ትጩህበት። አደጋው ካለፈ በኋላ ሁለቱም ዝም ይበሉ፤ ማንኛቸውም ወደ አንቱታው አይመለሱ። ሰው ፊት ሲቀርቡ ግን እንደገና «እርስዎ» ይባባሉ። ምስጢር አላቸው ማለት ነው። አራት ለውጥ፣ አንድ ጊዜ እንኳ «እወድሻለሁ» ሳይባል። ለውጦቹን ቢያንስ በሁለት ሁለት ምዕራፍ ያራርቋቸው፤ ከተጠጋጉ አንባቢ የትየባ ስህተት አድርጎ ያልፋቸዋል።

ከአቃቂ፦ ልጅቷ ወንድ መስላ ጦር ውስጥ ትገባለች። ሴት መሆኗን አንባቢም እስከ ምዕራፍ 7 እንዳያውቅ እፈልጋለሁ፤ «ገባች» ስል ግን ሁሉም ነገር ይወጣል።

መልስ፦ በሦስተኛ መደብ አይቻልም። «ገባ» ብለው ከጻፉ ተራኪው ዋሸ፤ ምዕራፍ 7 ላይ አንባቢ በእሷ ሳይሆን በእርስዎ ይናደዳል። መፍትሔው አንደኛ መደብ ነው። «ገባሁ፣ ወደቅሁ፣ ተነሣሁ» ጾታ አይናገርም፤ «ደፋር ነኝ»፣ «ደክሞኛል» እንዲሁ። ሌሎቹ ወታደሮች «አንተ» ይሏታል፤ እነሱ የሚያውቁትን ነው የሚናገሩት፤ አልዋሹም። አደጋ ያለው የራሷ ሐሳብ ውስጥ ነው፤ እናቷ ስትመክራት የነበረውን ስታስታውስ «ልጄ፣ ተጠንቀቂ» ካሉ አለቀ። እዚያ ላይ ምክሩን በተረት ያድርጉት፤ ተረት ብዙውን ጊዜ ማንንም ለይቶ አያዝም።

መገለጫው ቅጽበት ሁለት ፊደል ይበቃዋል። ሰባት ምዕራፍ ሙሉ «ና» ሲላት የኖረው ጓደኛዋ በጨለማ እጁን ዘርግቶ «ነይ» ይበላት። ሌላ ማብራሪያ አይጨምሩ።

አንድ ነገር ግን አይዝለሉ። ድንኳን ውስጥ ከወንዶች ጋር ወራት ያሳለፈች ልጅ የወር አበባዋን የት እንዳጠበች፣ ከማን ጀርባ ልብሷን እንደቀየረች ሴት አንባቢዎች በእርግጥ ይጠይቃሉ። በምዕራፍ 7 ወደ ኋላ ተመልሰው ሲያዩት መልሱ እዚያው ተቀምጦ መገኘት አለበት፤ ጎህ ሳይቀድ ውሃ ለመቅዳት ሁልጊዜ የምትሽቀዳደመው ለምን እንደነበር ያኔ ይገባቸዋል።

ከለገጣፎ፦ ትንቢቴ «ከምንጭ የተወለደች ልጅ ምድሪቱን ታድናለች» ይላል። ሁሉም ቀድሞ ይደርስበታል።

መልስ፦ ይሄ ትንቢት ሳይሆን ማውጫ ነው። ሰምና ወርቅ ያድርጉት። ሲሠሩ ከግጥሙ አይጀምሩ፤ ሁለቱን ትርጉም ከያዘው ከኅብረ ቃሉ ይጀምሩ። ፊደላችን የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅን ለይቶ አይጽፍም፤ ይህ ጉድለት ለትንቢት ጸሐፊ ሀብት ነው። «ልብስ»ን ይውሰዱ፦

ከደጋው ጫፍ ወጥቶ በሩን ለሚከፍት፣
ልብስ ያስፈልጋል በውድቅት ሌሊት።

ሰሙ ብርድ ነው፤ እንጦጦ ላይ ሌሊት ለሚያድር ጋቢ ያሻዋል። ወርቁ «ልብ'ስ ያስፈልጋል» ነው፤ ድፍረት። ልጅቷ ጋቢ ደርባ ትወጣለች፣ በሩ አይከፈትም። ጋቢዋን ለተኮራመተው ዘበኛ አውልቃ ስትሰጥ ይከፈታል። ወርቁን የሚፈታ ሽማግሌ አያምጡ፤ ድርጊቷ ይፍታው። ግጥሙን ለሁለት ሰው ጮክ ብለው ሳይሆን በወረቀት ይስጡ፤ ጮክ ካሉ ድምፅዎ ወርቁን ያወጣዋል። ወርቁን ወዲያው ካዩት ሰሙ ስስ ነው፤ የምዕራፉን ብርድ ያብዙ።

ከሰበታ፦ ጠላቷ ቡዳ ቢሆንስ? ፍቅረኛዋስ በመስተፋቅር ቢያዝ?

መልስ፦ መስተፋቅር ይቻላል፣ እንደ ፈተና፤ በእጇ ይዛው ሳትጠቀምበት ብትቀር ይበልጥ ያምራል። ቡዳውን ግን ይተዉት። ይህ ስም ለረጅም ዘመን ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ላይ ሲለጠፍ የኖረ ነው፤ በእሱ ሰበብ ጋብቻ የተነፈገ ሰው ልጅ መጽሐፍዎን ሊያነብ ይችላል። ይልቅ ገልብጠው የሸክላ ሠሪ ልጅ ዋና ገጸ ባሕርይ ያድርጓት። ያልደረቀ እንስራ እሳት ሲገባ ይፈነዳል፤ ጭቃው ውስጥ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ነው። ከእናቷ አጠገብ ያደገች ልጅ የትኛው እንስራ እንዳልደረቀ ጉንጯን አስጠግታ፣ በቅዝቃዜው ታውቃለች። አስማቷን ከዚያ ይጀምሩ።