ከወር በላይ ስለቆየ የጉንጭ ቁስል

በድሬዳዋ የሚኖሩት አጎትዎ ጫት በሚይዙበት ጉንጫቸው ውስጥ የወጣው ቁስል ከወር በላይ ቢቆይም ስለማያማቸው፣ ሐኪም ማየት ያስፈልጋቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። ያስፈልጋቸዋል፤ ባይዘገዩ ይመረጣል። ተራ የአፍ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ስለሚድን፣ ከ3 ሳምንት ያለፈ ቁስል፣ በተለይ ጠርዙ ከጠነከረ፣ በዙሪያው ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ከታየ ወይም አንገት ላይ እብጠት ከተዳሰሰ፣ መመርመር አለበት። የአፍ ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ ስለማያም፣ ሕመም አለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። በእርግጥ የተሰበረ ጥርስ እየፈገፈገው ሊሆንም ይችላል፤ ይህን የሚለየው ግን ምርመራ ነው።

ጫት ብቻውን ካንሰር ያመጣል የሚለው ገና ያከራክራል፤ ትምባሆና አልኮል ግን የታወቁ መንስኤዎች ስለሆኑ፣ በበርጫ ላይ የሚያጨሱ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩት። በቅድሚያ ድል ጮራ ሆስፒታል ቢታዩ፣ ካስፈለገ ሐረር ወደሚገኘው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሪፈር ሊጻፍላቸው ይችላል። ሐኪሙ ከቁስሉ ትንሽ ናሙና ቆርጦ ለፓቶሎጂ (ናሙናው በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት) ምርመራ ልላክ ቢል፣ «ምላጭ ከነካው ይሰራጫል» በሚለው ወሬ እንዳይሸሹ አስቀድመው ያስረዷቸው፤ ካንሰር መሆን አለመሆኑ የሚረጋገጠው በዚሁ ናሙና ነው።