ለአሮጌ ቮልስዋገን የአልሙኒየም ጌጥ፦ ከመወልወልዎ በፊት ሽፋኑን ያንሡ

ጤና ይስጥልኝ። የቮልስዋገንዎ የኮፋኖና የስፖርቴሎ አልሙኒየም ጌጥ ደብዝዞ ነጭ ነጠብጣብ ስላወጣ፣ የትኛው ማወልወያ እንደሚሻል ጠይቀዋል። የእኔም ቮልስ በዚሁ ችግር ስላለፈች የማውቀውን ልንገርዎ።

1ኛ፦ ጌጡን በካቻቢቴ ሳይሆን በቀጭን እንጨት እያላቀቁ ያውርዱት፤ አለበለዚያ ይታጠፋል።

2ኛ፦ ጌጡ ከፋብሪካ ሲወጣ በኤሌክትሪክ የተሠራ ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን ነበረው። የነጣው እርሱ ነው፤ እርሱ ሳይነሣ የቱንም ማወልወያ ቢገዙ ቦታ ቦታውን አብርቶ ሌላውን ደብዛዛ ይተወዋል። ይህንኑ እዚሁ ጎንደር ለአንድ ባለ ጋራዥ ባስረዳው፣ «ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?» ብሎ አመናጨቀኝና የኮፋኖውን ጌጥ በግራይንደር የሽቦ ብሩሽ ፈገፈገው። ስስ የሆነው አልሙኒየም ግሎ ተጣመመ፤ ጭረቱንም ብርማ ቀለም ረጭቶ ሸፈነና ሙሉ ዋጋ ተቀበለኝ። ቀለሙ ክረምቱን እንኳ ሳይሻገር ተላጠ፤ ያን ጌጥ የሚተካ እስካሁን አላገኘሁም።

የቀሩትን በገዛ እጄ ሠራኋቸው። ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ኮስቲክ ሶዳ በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ ነከርኳቸው፤ ሳፋ ለማይበቃቸው ረጃጅሞቹ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ በቁመቱ ሰንጥቄ ጫፎቹን ደፈንኩ። ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ ሶዳው አይጨመርም፤ የአልሙኒየም ድስትም ይበላል። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቀው፣ ጓንትና መነጽር አድርገው ይሥሩ። ጌጡ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ሽፋኑ አልቆ አልሙኒየሙ ሲገለጥ አረፋው ይፈላል። ያን ጊዜ ፈጥነው አውጥተው በብዙ ውኃ ይጠቡት፤ ከቆየ ሶዳው ራሱን አልሙኒየሙን መብላት ይጀምራል። የሚቀረው ጥቁር ጥላሸት በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል።

ጌጡ ስርጉድ ካለው ከጀርባው በእንጨት እየገፉ ካቃኑ በኋላ ከ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምረው እስከ 2000 ድረስ በውኃ ይፈግፍጉ፤ የቀደመው ጭረት ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው ቁጥር አይለፉ። በመጨረሻ በጥጥ ጨርቅና በማወልወያ ያብሩት። የእኔዋ ጥር ላይ ሙሽሮች ይዛ ፋሲል ግቢ ፊት ስትቆም፣ ጌጡን አዲስ ከውጭ ያስመጣሁት መስሏቸው የጠየቁኝ ነበሩ፤ በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ።

ሽፋኑ ስለተነሣ አልሙኒየሙ እርቃኑን ነው፤ ከክረምት በፊትና በኋላ የመኪና ሰም ይቀቡት፣ በረኪና ባለበት ውኃም አያሳጥቡት።