ቀይ ከመቀባታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

በጅማ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች የደም ግፊት መድኃኒት አወሳሰድን በካርታ ልታሳዩ እንደተነሳችሁ ሰማሁ። እሰየው ብያለሁ። ግፊት ምልክት ሳያሳይ ልብንም ኩላሊትንም አንጎልንም ይጎዳል። የት አካባቢ ያለ ሰው ኪኒኑን እንደሚያቋርጥ ማወቅ ነፍስ ያድናል።

አሜሪካኖች ይህንኑ ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. በ2014 በመንግሥት የመድኃኒት መድን የታቀፉ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን መዝገብ በየአካባቢው አነጻጸሩ። ከመቶ 26 ያህሉ የግፊት መድኃኒታቸውን በአግባቡ አይወስዱም ነበር። በደቡብ ግዛቶች ደግሞ ይብሳል። ይህን ማየት የቻሉት በመድኑ የተገዛ መድኃኒት ሁሉ ስለሚመዘገብ ነው።

እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም። ጤና ጣቢያው «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ሲል ታካሚው የግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል። መዝገባችሁ ላይ ግን «አቋርጧል» ተብሎ ይቆጠራል። እንደ አምሎዲፒን ወይም ኤናላፕሪል ያለ የግፊት ኪኒን የጠፋበትን ቀበሌ ቀይ ቀብቶ «ሕዝቡ ቸልተኛ ነው» ማለት ግፍ ነው። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ።

ከዴዶ ወረዳ የመጡ አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። «እማማ፣ ኪኒኑን እየወሰዱ ነው?» አልኳቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አሳዩኝ። እያንዳንዷ ኪኒን ለሁለት ተገምሳለች። «ቡናው እስኪሸጥ ታድርሰኝ ብዬ ነው ልጄ» አሉ። እኚህን እናት «በየቀኑ ይወስዳሉ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው አዎ ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ግፊታቸው ግን አይወርድም። ስለዚህ ስንት እንደሚውጡም ጠይቁ፤ ከተቻለም ኪኒኑን በዓይናችሁ እዩት።

ወቅቱንም አትርሱ። ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እጅ ያጥራል፣ መንገዱም ጭቃ ነው። በጥር ብቻ የተሰበሰበ መረጃ የክረምቱን ችግር አያሳይም። በረመዳንም ጾመኛው ኪኒኑን በማፍጠሪያ ወይም በሱሁር መውሰድ ይችል እንደሆነ የነገረው ባለሙያ አለ ወይ? ይህም በመጠይቁ ይግባ።

ቁጥር ሲያንስ ደግሞ ካርታ ያሳስታል። አንድ ቀበሌ ውስጥ አምስት ታካሚ ኖሮ ሁለቱ ቢያቋርጡ 40 በመቶ ይሆንና ቦታው ደማቅ ቀይ ይወጣል። ከመቶው አጠገብ የታካሚውን ብዛት ጻፉ። ካርድ አውጥተው የማያውቁትንም አስቧቸው። ግፊት እንዳለበት ያልሰማ ሰው በካርታችሁ የለም፤ እነዚህን ለማግኘት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን ይዛችሁ ቤት ለቤት መዞር ይኖርባችኋል።

ካርታው ሲያልቅ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ብቻ አታስረክቡ። የጤና ጣቢያው ፋርማሲ ላለችው ልጅም አሳዩአት። ቢን ካርዱን፣ ማለትም የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ካርድ፣ ትግለጥላችሁ። መድኃኒቱ በየትኛው ወር እንዳለቀና መቼ እንደገባ እዚያ ላይ አለ፤ ቀኖቹን ገልብጣችሁ ከካርታው ጎን አስቀምጡ።