አቴኖሎልን በድንገት ማቆም አይሆንም

እህቴ፣ ጥያቄሽን በደንብ አነበብኩት። ሐይቅ ከተማ የሚኖሩት አባትሽ ለግፊት አቴኖሎል ታዞላቸው ልኬታቸው ወርዷል። አሁን ግን እጃቸው ይቀዘቅዛል፣ ይደክማቸዋል፣ «ድኛለሁ፣ ይብቃኝ» ይላሉ። ረመዳንም እየመጣ ነው። ያቁሙ ወይ ነው ያልሽው።

ሐኪም አይደለሁም። እናቴ ደሴ ላይ ይህንኑ ኪኒን ለዓመታት ስትወስድ አብሬያት ነው ያለሁት። መልሴ አጭር ነው፦ በራሳቸው አያቁሙ። ባንድ ጊዜ ማቆም ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

ስንደነግጥ ሰውነት የሚያመነጨው አድሬናሊን ልብን ያፋጥናል። ቤታ ብሎከር የሚባሉት እንደ አቴኖሎል ያሉ መድኃኒቶች ይህን ያግዱታል። ልብ ረጋ ብሎ ይመታል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ታዲያ ኪኒኑ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ለአድሬናሊን ይበልጥ ቶሎ ምላሽ የሚሰጥ ሆኖ ይቆያል። ድንገት ሲቋረጥ ልብ በኃይል መምታት ይጀምራል፣ ግፊቱም ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። የልብ ችግር ላለበት ሰው ይህ ለሕይወት ያሰጋል። ሐኪም ራሱ ማቆም ሲፈልግ መጠኑን ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው።

ብዙ ሰው ደግሞ ላቁም ብሎ አይደለም የሚያቆመው፤ ኪኒኑ አልቆበት ነው። ፋርማሲው «የለም፣ ሰኞ ተመለሱ» ይላል። ወይ ለቅሶ ገጠር ይኬድና መድኃኒቱ ቤት ይቀራል። እኛ ቤት የሳምንት ሲቀር አዲስ ይገዛል። እናቴ ለግሸን ማርያም ስትወጣ ከስንቋ በፊት የሚታሰረው ኪኒኗ ነው። አደራ፣ ይህን አባትሽም ልማድ ያድርጉት። አንድ ቀን ከረሱም በማግስቱ ደርበው እንዳይወስዱ።

የእጁ ቅዝቃዜ የመድኃኒቱ የታወቀ ጠባይ ነው። ድካሙም እንደዚያው፤ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ግን የልብ ምታቸውን ቁጠሪ። አረፍ ካሉ በኋላ በሌባ ጣትሽና በመሃል ጣትሽ የእጃቸውን አንጓ ይዘሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ። ከ50 በታች ከሆነ ለሐኪማቸው ንገሪ። ካዞራቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰጃቸው።

ድካሙ ካልለቀቃቸው መድኃኒቱን መቀየር ይቻላል። ሌላ የልብ ሕመም ለሌለበት የግፊት ታካሚ ብዙ የሕክምና መመሪያዎች ቤታ ብሎከርን መጀመሪያ አያዙም፤ እንደ አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ያሉትን ያስቀድማሉ። ለልብ ሕመም ተብሎ የታዘዘ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ አባትሽ ሐኪሙን «ላቁም?» ከሚሉት «ለምን ታዘዘልኝ? የሚቀየር አለ?» ቢሉት ይሻላል። ለትልቅ ሰው ይህን ማስረዳት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አትቆጫቸው።

ለጾሙ ብዙ አትጨነቂ። አቴኖሎል አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ነው። ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያ ወይም ወደ ሱሁር ማዞር ይቻል ይሆናል። ረመዳን ሳይገባ ሐኪሙን አማክሩ።

ዱዓ ላይ የሚቃመውን የጫቱን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ዱዓ የወሎ ሰው ክብር ነው፣ አባትሽን ከዱዓ አርቂ አልልሽም። ጫት ግን ልብን ያፋጥናል፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ኪኒኑ የሚያወርደውን እሱ ይሰቅለዋል። ቢቀርላቸው ደስ ይለኛል። ቡና ከጠጡ ደግሞ ግፊት ከመለካታቸው በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆዩ። ለጉልበት ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚውጡ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ግፊት ከፍ ያደርጋሉ።

ስኳር አለባቸው? ለስኳሩ መርፌ ወይም ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ተጠንቀቂ። ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የልብ መምታትና መንቀጥቀጥ አቴኖሎል ይደብቀዋል። ላብ ግን አይደበቅም። ያለ ምክንያት ካላባቸው ስኳራቸውን ለኪ።

አንድ ነገር በጥያቄሽ ውስጥ አላየሁም። አስም አለባቸው? ሌሊት ያፍናቸዋል፣ ደረታቸው ሲር ሲር ይላል? የዚህ ዓይነት መድኃኒት የመተንፈሻ ቱቦን ሊያጠብ ይችላል፤ ፕሮፕራኖሎል ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ካለ የረመዳኑን ነገር ተይውና ዛሬውኑ ሐኪማቸው ጋ ይዘሻቸው ሂጂ።