«እትዬ፣ ስንት ልበላቸው?»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ሥራ ቅጥር ከጻፍኩ በኋላ የመጡት ጥያቄዎች ዞረው ዞረው ደመወዝ ላይ ያርፋሉ። ረዣዥሞቹን አሳጥሬያለሁ። ሰላምታውንና ምርቃቱን ቆርጫለሁ፤ ምርቃቱን ግን አሜን ብዬ ነው። የመሥሪያ ቤት ስም የጻፋችሁትንም አውጥቻለሁ። ነገ እዚያው ልትቀጠሩ አይደል?

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ያለ አንድ ፋብሪካ «ደመወዝ በስምምነት» ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ፈተናውን አለፍኩ፣ ሰኞ ለመነጋገር ጠርተውኛል። አሁን የማገኘው 14 ሺህ ብር ነው። እትዬ፣ ስንት ልበላቸው? መጀመሪያስ ቁጥር የሚጠራው ማነው?

መልስ፦ «በስምምነት» ብሎ የሚያወጣ ድርጅት በጀት ሳይዝ አይወጣም። ስለዚህ በቅድሚያ «ለዚህ ቦታ የያዛችሁት ከስንት እስከ ስንት ነው?» ብለህ በትህትና ጠይቅ። ከነገሩህ ተገላገልክ። ብዙ ጊዜ ግን «አንተ ስንት ትፈልጋለህ?» ብለው ይመልሱልሃል። ያኔ ቁጥር ጥራ። «እንደ ድርጅቱ አቅም» አይሠራም። «እናንተ ታውቃላችሁ» ደግሞ ጭራሽ አይሠራም፤ አዎ፣ ያውቃሉ፤ ችግሩም እሱ ነው።

ቁጥሩን ለማውጣት ከተጣራው ተነሣ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከ14,000 ብር በላይ ያለው የደመወዝ ገቢ 35 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለብህ። ስለዚህ ከ14 ሺህ በላይ ከሚጨመርልህ ከእያንዳንዱ 100 ብር ኪስህ የሚገባው 58 ብር ነው። አሁን 2,850 ለግብር፣ 980 ለጡረታ ተቆርጦ 10,170 ይደርስሃል። አዲሶቹ 18 ሺህ ቢሉህ ግብሩ 4,250፣ ጡረታው 1,260 ይሆናል፤ እጅህ የሚገባው 12,490። «አራት ሺህ ጨመሩልኝ» ብለህ ለጓደኞችህ ቡና ትጋብዛለህ፤ የተጨመረልህ ግን 2,320 ብር ነው። ቤትህ ፒያሳ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ላይ የአዘዞን ደርሶ መልስ ታክሲ ቀንስ።

ስለ ሰርቪስ ሳትጠይቅ እንዳትፈርም። ፋብሪካው የሠራተኛ መኪና ካለው ለአንተ ብር ማለት ነው። ከሌለው የትራንስፖርት አበል ጠይቅ፤ እስከ ተወሰነ መጠን ግብር ስለማይቆረጥበት ከደመወዝ ጭማሪው የተሻለ ኪስ ይገባል። እኔ ብሆን 22 ሺህ ብዬ እጀምራለሁ፣ ከ19 ሺህና ከሰርቪስ በታች አልወርድም። የተረፈውን ስሌት ፔይሮል የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ጠይቅ። እሱም አንተ ነህ።

ጥያቄ፦ ልጄ በምህንድስና ተመርቆ ሥራ አገኘ። ያቀረቡለት ደመወዝ ግን አላማረኝም። የድርጅቱን ባለቤት ከድሮ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ሄጄ ላነጋግርለት?

መልስ፦ አይሂዱ አባቴ።

ጥያቄ፦ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስቀጠር ደመወዝ መደራደር እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም፤ ስኬል ነው፣ ለየደረጃው አስቀድሞ የተቆረጠ።

ጥያቄ፦ አሁን የማገኘው 9 ሺህ ነው። ለአዲሱ ቤት 15 ሺህ ነው የማገኘው ብላቸው ማን ያውቅብኛል?

መልስ፦ እነሱው ናቸዋ! የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲሰጥህ የሥራህን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንህንና ደመወዝህን እንዲጽፍ ያዘዋል። ብዙ ማስታወቂያዎች ደግሞ «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ የተረጋገጠ» ይላሉ። 15 ሺህ ብለህ ተቀጥረህ 9 ሺህ የሚል ወረቀት ስታስገባ የሚኖረውን ፊት አስበው።

መዋሸት አያስፈልግህም። «ለዚህ ሥራ የምጠብቀው 15 ሺህ ነው» ማለት ይበቃል። አሁን ስንት ታገኛለህ ብለው ከያዙህ እውነቱን ተናገርና ወዲያው አስከትል፦ «የምለቅበትም ምክንያት እሱ ነው።»

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። አንድ የግል ክሊኒክ ሥራ ያገኘሁት በአጎቴ ነው። ባለቤቱ ሐኪም የአጎቴ ጓደኛ ናቸው፤ የሚካኤል ማኅበር አብረው ይጠጣሉ። ያቀረቡልኝ ደመወዝ አሁን ከማገኘው የሚበልጠው በ500 ብር ነው፤ የሌሊት ተረኛነት ግን አለው። ጭማሪ ብጠይቅ አጎቴን አዋርዳለሁ ብዬ ፈራሁ። እናቴም «ዝም ብለሽ ግቢ፣ ዝም አይነቅዝም» ትለኛለች።

መልስ፦ የዚህ ዓይነት ደብዳቤ የላክሽልኝ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ከባንክ ጥበቃ እስከ ኮሌጅ መምህር ድረስ ጽፎልኛል። ሁሉም አቅም አላቸው፣ ሁሉም ቁጥሩን ያውቁታል፤ አፋቸውን የያዘው ይሉኝታ ነው።

እናትሽን እጅ እነሣለሁ። ደመወዝ ላይ ግን ዝም ይነቅዛል። የተቀጠርሽበት ብር ለሁሉም ነገር መነሻ ነው። የዓመት ጭማሪው የሚታሰበው ከእሱ ላይ ነው። ለጡረታ ከአንቺ 7፣ ከአሠሪሽ 11 በመቶ የሚገባው ከእሱ ላይ ነው። ነገ ስትለቂ የሥራ ልምድ ወረቀትሽ ላይ የሚጻፈው እሱ ነው። የመጀመሪያ ቀን ያፈርሽው እፍረት ለዓመታት ይከተልሻል። ደግሞ 500 ብሩም ግብርና ጡረታ ሲቆረጥለት 500 ብር አይደለም።

በዘመድ ሥራ ማግኘት ነውር አይደለም። ጎንደር ውስጥ ሥራ የሚሰማው ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው እንዴ? ማኅበር ቤት ይሰማል፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ይሰማል፣ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ሲመረጥ ይሰማል። አጎትሽ በሩን አስከፍተውልሻል፤ እግዜር ይስጣቸው። ዋጋሽን ግን አልተዋዋሉልሽም። ሐኪሙም ቢሆኑ ለጓደኛ ብለው ብቻ ነርስ አይቀጥሩም። ሌሊት የሚያድር ነርስ አጥተው ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። «የኛው ልጅ ናት» መባል ሲቀጠሩ ደስ ይላል። ደመወዝ ሲዘገይ ታገሺ የምትባለው ግን የኛው ልጅ ናት። ተረኛ ሲጠፋ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሚደወልላት የኛው ልጅ ናት። ሌሎቹ ለበዓል ቤታቸው ሲሄዱ የምትቀረው የኛው ልጅ ናት። ይህን ሁሉ አይቼዋለሁ። ክፋት ላይሆን ይችላል፤ እንቢ የማይል ሰው ሲገኝ ማንም እሱን ይጠራል። ስለዚህ ለዘመድ የሚሠራ ሰው ከባዳው ይልቅ ውሉን ማጥበቅ አለበት።

ሕጉን ያዢ። መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ተረኛነቱ ከዚያ በላይ ከሆነ ትርፍ ሰዓት ይባላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5። ጥምቀት ሲመጣ እዚህ ከተማ ክሊኒክ እንዴት እንደሚጨናነቅ ለአንቺ አልነግርሽም።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ አጎትሽ ጋ ሂጂ። ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም፣ ለማሳወቅ ነው። «ጋሼ፣ ስለ ደመወዙ ራሴ ላነጋግራቸው ነው። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው» በያቸው። እኔ የማውቃቸው አጎቶች አብዛኞቹ «ታዲያስ፣ ጠይቂ እንጂ» ነው የሚሉት። ከዚያ ሐኪሙን ለብቻቸው አግኝተሽ «ዶክተር፣ ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ፤ ሥራውን እፈልገዋለሁ። የሌሊት ተረኛው በዚሁ ደመወዝ ውስጥ ከሆነ ግን አይሆንልኝም። ወይ ደመወዙ ይህን ያህል ይሁን፣ ወይ ተረኛው ለብቻው ይከፈለኝ» በያቸው። «ይህን ያህል» ያልኩት ቦታ ላይ ቁጥር አስገቢ። የአጎትሽን ስም አታንሺ። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ወንድምሽ ትምህርት ቤት ክፍያም አታንሺ። እሱ እርዳታ መጠየቅ ነው፤ አንቺ የመጣሽው ስለ ሥራ ዋጋ ነው።

ተናግረሽ ስትጨርሺ ዝም በይ። የእናትሽ ተረት የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። ዝምታው ሲረዝም ደንግጠሽ «ካልሆነም ችግር የለውም» እንዳትዪ።

«ለአጎትሽ ስል ነው እኮ የቀጠርኩሽ» ካሉሽስ? ከመፈረምሽ በፊት መስማትሽ መልካም ነው። ወደ አሮጌው ሥራሽ ተመለሺ።

ጥያቄ፦ የሆቴል ሪሴፕሽን ነኝ። አዲስ የተከፈተ ሆቴል «ደመወዙ 6 ሺህ ነው፤ ግን ሰርቪስ ቻርጅ አለ፣ ቲፕ አለ፣ አንድ ላይ ብዙ ይመጣል» አሉኝ። ልግባ?

መልስ፦ ከ6 ሺህ ላይ 700 ግብር፣ 420 ጡረታ ሲወጣ 4,880 ይቀርሃል። የተረጋገጠው ይኸው ነው። ሰርቪስ ቻርጅ፣ ማለትም እንግዳው ከሒሳቡ ጋር የሚከፍለው የአገልግሎት ክፍያ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ደመወዝ አይባልም። ቦነስና ኮሚሽንም እንደዚያው። የስንብት ክፍያ ሲታሰብልህ እነሱ አይቆጠሩም።

ሰዎቹ «ብዙ ይመጣል» ሲሉህ የገናና የጥምቀትን ሰሞን አስበው ነው። አንተ የሐምሌን ጠይቅ። መንገድ ሲዘጋና እንግዳ ሲጠፋ ሎቢው ምን እንደሚመስል ከጎንደር የሆቴል ሠራተኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ቋሚው ደመወዝ ከፍ እንዲል ተከራከር፤ ሰርቪስ ቻርጁ ለሠራተኛው እንዴት እንደሚከፋፈልም ጠይቅ። «እሱን ማኔጅመንቱ ያየዋል» ካሉህ እኔ አልገባም።

ጥያቄ፦ «አሁን በዚህ ጀምር፣ ከሙከራ ጊዜ በኋላ እንጨምርልሃለን» አሉኝ። ልመናቸው?

መልስ፦ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት ነው። ቅጥር ደብዳቤው ላይ «የሙከራ ጊዜውን ሲያጠናቅቅ ደመወዙ ይህን ያህል ይሆናል» የሚል አንድ መስመር ይግባ። አንጽፍም ካሉ ጭማሪው የለም ብለህ ቁጠርና በመነሻው ደመወዝ ብቻ ወስን።

ጥያቄ፦ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ሌላ ድርጅት የአዲስ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ሊወስደኝ ነው። ደመወዙን 40 ሺህ አድርሼዋለሁ! ውሉ አንድ ገጽ ነው፤ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ስንብት ምናምን «በሕጉ መሠረት» ይላል። ልፈርም?

መልስ፦ እንዳትፈርሚ። ጎበዝ ተደራድረሻል፤ እንዳትፈርሚ ግን።

አዋጅ 1156/2011 የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። ለተራው ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ የስንብት ክፍያ አለው። አንቺ ሥራ አስኪያጅ ስትሆኚ «በሕጉ መሠረት» የሚለው መስመር ወደዚያ ሕግ አይወስድሽም። ጥበቃሽ በአብዛኛው ውልሽ ላይ የተጻፈው ነው። ባለ አንድ ገጽ ውል ደግሞ ምንም አልጻፈልሽም። ነገ ከቦርዱ ጋር ባትስማሚ በምን ያህል ማስጠንቀቂያ፣ በስንት ወር ክፍያ ነው የሚያሰናብቱሽ? የዓመት ፈቃድሽ ስንት ቀን ነው? የመኪናው ነዳጅ በማን ነው? ይጻፍ።

ጠበቃ ጋ ሂጂ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። አንድ ገጽ ለማስነበብ የምትከፍዪው ከአንድ ወር ደመወዝሽ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ከ11 ዓመት በኋላ አሁን ካለሽበት ስትለቂ የሚገባሽ ክፍያ ካለም እዚያው ያይልሽ። «የአጎቴ ልጅ ሕግ ተምሯል» ብለሽ እንዳትመልሺልኝ። ፈቃድ ያለው፣ የሥራ ክርክር የያዘ ጠበቃ ነው ያልኩሽ።

ጥያቄ፦ ፊት ለፊት ስናገር እንቀጠቀጣለሁ። ስለ ደመወዙ በቴሌግራም ብጽፍላቸውስ?

መልስ፦ እየተንቀጠቀጥክ በአካል ተናገር። የተስማማችሁበትን ግን ማታውን በቴሌግራም ጻፍላቸው፤ መልሳቸውንም አታጥፋው።

ጥያቄ፦ መልቀቂያ ሳስገባ አለቃዬ ጠርተው «እዚያ ስንት ሰጡህ? እኔም እሰጥሃለሁ» አሉኝ። ሦስት ዓመት ጭማሪ ስጠይቅ በጀት የለም ይሉኝ ነበር። ልቆይ?

መልስ፦ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ ልትሄድ ስትል ወርቅ ሆንክ። አትቀየማቸው፣ የተለመደ ነው። የምትለቀው ለብር ብቻ ከሆነና ሥራውን ከወደድከው መቆየት ነውር የለውም። አዲሱ ደመወዝ የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እጅህ ሳይገባ ግን ለአዲሶቹ «ቀርቻለሁ» እንዳትላቸው። «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ» የምትለዋን አትቀበላት።

የምትለቀው በሌላ ምክንያት ከሆነ፣ አለቃው ይጮሃል፣ ወይም የምትማረው ነገር አልቋል ከሆነ፣ ብሩ አያቆይህም። ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ መልቀቂያ እንደገና ትጽፋለህ፤ ያኔ ደግሞ አዲሶቹ ሌላ ሰው ቀጥረዋል። ስትሄድ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያህን በጽሑፍ ስጥ፤ የተቀበሉበት ቀንና ፊርማ ያለበትን ቅጂ ያዝ። ሳታስጠነቅቅ ከወጣህ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሣ ሊጠይቁህ ይችላሉ። አዲሶቹ «ሰኞ ጀምር» እያሉ ካጣደፉህም ወሩ የሚያልቅበትን ቀን ንገራቸውና ቅጥር ደብዳቤው ላይ የሥራ መጀመሪያህ እሱ ሆኖ ይጻፍ።